የሰባቱ ልቃቂት ነገር

የሰውን ልብ ከነጓዳው የሚያይ፣ ዘመንን በመዳፉ የያዘ፣ የተሰወረውንም በራሱ ቀን የሚገልጥ እግዚአብሔር ይመስገን። እርሱ አስቀድሞ የሚያውቀውን እኛ ዘግይተን እንደርስበታለን፤ አንዳንዱን ነገር የምንደርስበትም ፈርደን ከጨረስን በኋላ ነው። ይህ ነገር የሆነው በወረታ ከተማ በጾመ ፍልሰታ ነው፤ የርብ ወንዝ ከአፉ ወጥቶ የፎገራን ሜዳ በሸፈነበት፣ የሩዙ ቡቃያ ጫፍ ጫፉን ብቻ ከውኃው በላይ ባሳየበት ሰሞን።

ነሐሴ ስምንት ቀን ወይዘሮ ወለተ ሐና ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ከራስጌያቸው መደርደሪያ ላይ ትልቁን ሙዳይ አወረዱና ልቃቂቶቻቸውን መቁጠር ጀመሩ። አሥራ ሰባት ሆነባቸው። ደገሙት፤ ያው አሥራ ሰባት ነው። በሰኔ ሚካኤል ማግስት ሲቆጥሩት ሃያ አራት ነበረ።

ይህ ፈትል ተራ ፈትል አይደለም። ወይዘሮ ወለተ ሐና ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከእናታቸው በወረሱት እንዝርት፣ ለመግነዛቸው የፈተሉት ነው። ሠላሳ ሲሞላ ለሸማኔው ለአያልነህ ሊሰጡ አስበው ነበር። ፈትላቸው እንደ ጠባያቸው እጅግ የከረረ ስለ ሆነ አያልነህ፣ «የእርስዎን ክር እኮ ስነካው እንደ ክራር ይጮህብኛል» እያለ ይቀልድባቸዋል።

«ሰባት!» አሉ ለብቻቸው። «አይጥ ብትሆን ርጋፊ ትታ ትሄድ ነበር።»

ወይዘሮ ወለተ ሐና በሰፈሩ የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቆጣሪነታቸው ነው፤ የዶሮዋን እንቁላል፣ የጾሙን ሳህንና የፍስኩን ሳህን፣ ከቅዳሴ የቀረውን ሰው ሳይቀር ይቆጥራሉ። ሁለተኛው ለጋስነታቸው ነው። ምጽዋታቸውን ግን አይቆጥሩም። በወጣትነታቸው ለንግሥ ጣራ ገዳም ወጥተው ሳለ አንድ አረጋዊ መነኩሴ፣ «የሰጠኸውን ካስታወስኸው መልሰህ ወስደኸዋል» ሲሉ ሰሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡትን ገና ሳይነጋ፣ ከንፈራቸው በጸሎት እንደ ተያዘ፣ ፊታቸውን አዙረው ከመደርደሪያው ያነሣሉ። እጃቸው ያገኘውን ያነሣል፤ ዕጣንም ይሁን ሻማ ዓይናቸው አያይም፣ ልባቸውም አይከተልም።

የጎደለውን ክር ግን ልባቸው ተከተለው። መጀመሪያ የታሰባቸው አያልነህ ነበር፤ በአገሩ ክር በጎደለ ቁጥር ሸማኔ ሳይጠረጠር አይታለፍምና። ነገር ግን አያልነህ ከፋሲካ ወዲህ የቤታቸውን ደፍ አልረገጠም። ልጃቸው አንለይ ደግሞ አንበሳሜ ከተማ በሩዝ መፈልፈያ ቤት ይሠራል፤ የሚመጣው ቅዳሜ ነው፣ የሚሄደው እሑድ። እንግዲህ በዚያ ቤት ውላ የምታድር፣ ሙዳዩ የት እንዳለ የምታውቅ፣ አንዲት ሰው ብቻ ቀረች፤ የአንለይ ሚስት ፍሬህይወት።

ፍሬህይወት ከአገሯ ከቁሐር ሚካኤል ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። ዝምተኛ ናት፤ ዝምታዋን እስከዚያ ቀን ድረስ ወይዘሮ ወለተ ሐና ጨዋነት ብለውት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሌላ ስም አወጡለት።

አንዴ መጠርጠር ከተጀመረ ማስረጃ አይጠፋም። ልጅቱ በየቀኑ ከቅዳሴ በኋላ «መጣሁ እማማ» ትልና አንድ ሰዓት ትጠፋለች። ስትመለስ እጇ ከነጠላዋ ሥር ነው። ብቻዋን ስትሆን ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ወይዘሮ ወለተ ሐና ከበሩ ጀርባ ሆነው ጆሯቸውን ቢያቀኑ የሰሙት ጸሎት አይደለም፤ «ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት» የሚል ቁጥር ነው።

«የኔን ክር ትቆጥራለች» አሉ፤ ደማቸውም ፈላ።

በማግሥቱ ተከተሏት። ልጅቱ በመናኸሪያው በኩል አልፋ፣ ጭቃውን በድንጋይ በድንጋይ ተሻግራ፣ ከሀሚዳ ሱቅ ገባች። ሀሚዳ ክርና ቁልፍ፣ ሳሙናና መርፌ የምትሸጥ፣ ምላሷ የማያርፍ፣ እጇም የማያርፍ ነጋዴ ናት። ወይዘሮ ወለተ ሐና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከአንድ ከቆመ ባጃጅ ጀርባ ቆሙ። ሁለት ቀን ሳሙና ገዝተው ተመለሱ፤ በሦስተኛው ቀን ሀሚዳ ከሱቋ ሆና ጮኸች።

«እመት ወለተ ሐና! ይግቡ እንጂ! ተሳፋሪ ያጣ ባጃጅ መስለው እኮ ዝናብ ይመታዎታል!»

«ሳሙና ልገዛ ነው» አሉና ገቡ።

«ትናንትም ሳሙና ገዝተዋል፤ ከትናንት ወዲያም። የሚያጥቡት ቤቱን ነው ወይስ የፎገራን ሜዳ?»

በሱቁ ጥግ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ሴቶች ሣቁ። በእያንዳንዳቸው እጅ ጫፏ የተቆለመመ የብረት መርፌ ነበረች፤ ከመርፌዋም ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። ፍሬህይወት ከመካከላቸው የለችም። ከውስጠኛው መጋረጃ ሥር ግን የላስቲክ ጫማዋ ይታያል፤ ማሰሪያው በቀይ ክር የተጠገነው የግራው ጫማ።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ጫማውን አይተው እንዳላዩ ሆኑ። «ይህ በእጃቸው ያለው ምንድን ነው?»

«ኪሮሽ ነው እመት። ጀማሪዎች ናቸው፤ የዕቃ ማጠቢያ ነው የማሠራቸው። መጀመሪያ ሰንሰለት ነው፤ ሠላሳ ዓይን። ሲመለሱ አንዷን ዓይን አጭር፣ አንዷን ረጅም። በሚቀጥለው ረድፍ በአጭሯ ራስ ላይ ረጅሟን፣ በረጅሟ ራስ ላይ አጭሯን። ያኔ ገጹ ጉጥ ጉጥ ይላል፤ ጉጡ ስብ ይፍቃል፣ ጥጡ ውኃ ይጠጣል። ቢቆሽሽ መቀቀል ነው።»

«ክሩስ ከየት ይመጣል?»

«ክሩማ ከባሕር ዳር ነው። ምነው? የኔን ክር ሸማኔ ሰረቀው አሉዎት?»

ሴቶቹ እንደገና ሣቁ። ሀሚዳም ሣቀች፤ ስትሥቅ ግን ዓይኗ ወደ መጋረጃው ሾለከ። ወይዘሮ ወለተ ሐና ያችን መሹለክ ያዟት። ሳሙናቸውን ተቀብለው ወጡ። እየሄዱም፣ «ለሳህን ማጠቢያ ተብሎ ከመጋረጃ ጀርባ የሚደበቅ ሰው የለም» አሉ።

ልጅቱ ተመልሳ ውኃ ልትቀዳ በወጣች ጊዜ፣ ያልፈተሹትን ፈተሹ። ከሩዙ ጆንያ ውስጥ፣ ከፍሬው ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር እጃቸው ላይ መጣ። ሲፈቱት መዳፍ ተኩል የሚሆን ነጭ ጨርቅ ነው። ሀሚዳ እንዳለችው ገጹ ጉጥ ጉጥ ብሏል፤ ቅርጹ ግን እንደ ሽብልቅ ከታች ሰፍቶ ከላይ የጠበበ ነው። አጠገቡም ያች የተቆለመመች መርፌ ተሰክታለች።

ልማዳቸው ነውና ቆጠሩት። ከታች ሠላሳ ዓይን፤ ከላይ ሃያ ሁለት። «እዚህም ይጎድላል!» አሉ። «የዚች ልጅ እጅ የነካው ሁሉ እየጎደለ ይሄዳል!»

ቀጥለው ክሩን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት። ልል ነው፤ ለስላሳ ነው፤ የማሽን ፈትል ነው። የእርሳቸው አይደለም። ይህን ጊዜ ጥርጣሬያቸው መርገብ ነበረበት። ጥርጣሬ ግን እንደ ሜዳው ጎርፍ ነው፤ በአንድ በኩል ቢገደብ በሌላው በኩል ይዞራል። «የኔን የከረረ ክር ለሀሚዳ ሰጥታ በዚህ ለወጠችው!» ብለው ወሰኑ። ጨርቁን እንደ ነበረ ጠቅልለው ወደ ጆንያው መለሱት።

በዘጠኝ ሰዓት ለማዕድ ሲቀመጡ ነገር ጀመሩ።

«ቁሐር ሴቶቹ ይፈትላሉ?»

«ይፈትላሉ እማማ። እኔ ግን እጄ አልቀናም።»

«በሰው ፈትል ግን ሳይቀናሽ አልቀረም።»

ፍሬህይወት ጉርሻዋን እንደ ያዘች ቆመች። «ምን አሉኝ እማማ?»

«ምን አልሁሽ? ጆሮ ካለሽ ሰምተሻል።»

ልጅቱ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠችና የእጅ ውኃ ልታመጣ ተነሣች። ወይዘሮ ወለተ ሐናም፣ «ንጹሕ ብትሆን ኖሮ ትጮህ ነበር» አሉ በልባቸው። ብትጮህ ኖሮ ደግሞ «ያለ ነገር አልጮኸችም» ይሉ እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

በዚያው ሳምንት ከቁሐር ለገበያ የመጣ ሰው አግኝተው፣ ለልጅቱ አባት ለአቶ ሰውመሆን እንዲህ ብለው ላኩበት፦ «በፍልሰታ ዕለት መጥተህ ልጅህን ውሰድ። ምክንያቱን ስትመጣ ትሰማለህ።» ይህን ብለውም አልረኩም። አባት መጥቶ ቢክድስ? ልጅቱ ብትምልስ? እንግዲህ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ ውግዘት። የነፍስ አባታቸው አባ ገሰሰ ክሩን በሰረቀው እጅ ላይ ካወገዙ፣ እጁ ራሱ ይናገራል።

ነሐሴ ዐሥራ አምስት ቀን ከደብሩ ዕቃ ቤት ሄዱ። አባ ገሰሰ ለበዓሉ ዋዜማ ጧፍ እየሠሩ ነበር፤ ሰሙ በሸክላ ቀልጧል፣ በነጭ ክር የተገመዱት የጧፍ ልቦች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተወጥረዋል።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ።» መስቀሉን አሳለሟቸው። «ምነው ፊትሽ እንዲህ ጠቆረ?»

«ለውግዘት ነው የመጣሁ። ከሙዳዬ ሰባት ልቃቂት የወሰደች እጅ አለች። ያች እጅ ትድረቅልኝ።»

አባ ገሰሰ ሰሙን አማሰሉ። ከዚያ፣ «ውግዘት እሳት ናት ልጄ፤ ከወጣች አትመለስም። እስቲ ላስብበት፤ አንቺም እስከዚያ ይህን ጫፍ ያዥልኝ፣ ሰሙ ሳይረጋ» አሉና የአንዱን ክር ጫፍ አስያዟቸው።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ያዙት። አውራ ጣታቸው ሳይታዘዝ ክሩን አሸው። ከረረ። ወጠር አድርገው ቢነኩት ጮኸ፤ እንደ ክራር ጮኸ።

ፊታቸው በራ። «አባቴ! ይኸው! ይኸው ክሬ! ለካ ለቤተ ክርስቲያን ሸጣልኛለች! ንገሩኝ፣ ማን አመጣው? ምን ሰጣችኋት?»

አባ ገሰሰ የሰሙን ማማሰያ አስቀመጡና ቀና ብለው አዩዋቸው። «የሰጠናት የለም። ከሰኔ ጀምሮ በየሰንበቱ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ አንዲት ሴት ከዚህ ደጅ ትመጣለች። ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ እጇን ወደ ኋላ ትዘረጋና በደጁ ቅርጫት ውስጥ አንድ ነገር ጥላ፣ ዞራ ሳታይ ትሄዳለች። ሰባት ሰንበት መጣች፤ ሰባት ልቃቂት ሆነ። ስሟ እንዲጠራ የማትፈልግ ስለ መሰለኝ ምስጋናም አልተናገርኋት።»

የወጠሩት ክር በወይዘሮ ወለተ ሐና እጅ ላላ።

«ዛሬ ግን» አሉ አባ ገሰሰ፣ «በራሷ እጅ ላይ ውግዘት ልትለምን መጥታለች።»

ወይዘሮ ወለተ ሐና ክሩን እንደ ያዙ ከመደቡ ላይ ዝፍ ብለው ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን አዩት። ያ እጅ ይደርቅ ዘንድ የለመኑበት አፍ ገና አልደረቀም።

«ምጽዋቴን አልቆጥርም ብዬ ነበር እኮ አባቴ።»

«መልካም አድርገሻል። ነገር ግን የሰጠሽውን ከረሳሽ የቀረውንም መቁጠር መተው ነበረብሽ። አንዱን ረስተሽ ሌላውን ስትቆጥሪ፣ የሚጎድለው ክር አይደለም፤ የባልንጀራሽ ስም ነው። በማን ጆሮ ተናገርሽው?»

«በአባቷ። ነገ ሊወስዳት ይመጣል።»

«እንግዲያ ቀኖናሽ ስግደት አይደለም። በተናገርሽበት ጆሮ ፊት፣ በዚያው አፍሽ፣ መልሰሽ ተናገሪው።»

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ፍሬህይወት ከበሩ ውስጥ ተቀምጣ ነበር፤ አጠገቧ የልብሷ ጥቅል አለ። ገበያተኛው ለቁሐር ብቻ ሳይሆን ለመንገዱ ሁሉ ተናግሮ ኖሯል።

«አባቴን ጠርተውታል አሉ።»

«ጠርቼዋለሁ።»

«ምን አጠፋሁ እማማ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ልጅቱ ከነጠላዋ ሥር ያን ሽብልቅ ጨርቅ አወጣችና ከፊታቸው አኖረችው።

«ሩዙን ነክተውት ስላየሁ ይህን እንዳገኙት አውቄአለሁ። የሙስሊም ሱቅ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ እንዳይሉኝ ነው የደበቅሁት። ደግሞ ሳያልቅ አይታይም ብዬ ነው። የፍስኩ ሳህን ስቡ አልለቅ አለኝ፣ ጾሙን ያረክስብኛል እያሉ ሁልጊዜ ይቸገራሉ። አንዱን ለጾሙ ዕቃ፣ አንዱን ለፍስኩ ሠርቼ በፍቺው ዕለት ልሰጥዎ ነበር። እምቢ አለኝ እንጂ። አራት ጊዜ ፈታሁት፤ እየጠበበ ይሄድብኛል።»

«ሀሚዳስ ምን አለችሽ?»

«ቁጠሪ አለችኝ። እቆጥራለሁ፤ ቁጥሩ ግን አይሞላልኝም።»

ይህ ቃል ወይዘሮ ወለተ ሐናን ከውስጥ ወጋቸው። ከእርሷ አጠገብ፣ ከጥቅሉ ላይ ማለት ይቻላል፣ ተቀመጡ። «በፊቴ ሥሪው እስቲ።»

ልጅቱ መርፌዋን አንሥታ ጀመረች። አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም። ከዳር ስትደርስ ጨርቁን ገልብጣ ልትመለስ ስትል፣ ወይዘሮ ወለተ ሐና እጇን ያዟት።

«ቁሚ! አንዷን ዘለልሻት።»

«የትኛዋን? አልቀረም እኮ።»

«ይችት። ታጥፋ ከዳር ስለ ተደበቀች ዓይን አልመሰለችሽም። ረድፉ ባለቀ ቁጥር ያችን ዳረኛይቱን ጥለሽ ትዞሪያለሽ። ስምንት ጊዜ ጣልሻት፤ ስምንት ጎደለሽ። ሠላሳ ሲጎድል ሌባ አትፈልጊ፤ ዳሩን ዳስሽ።»

የመጨረሻውን ቃል ለማን እንደ ተናገሩት ልጅቱ አላወቀችም። ጨርቁን አብረው ፈቱት። ከሠላሳዋ ሰንሰለት እንደገና ጀመሩ፤ ወይዘሮ ወለተ ሐና ከእያንዳንዱ ረድፍ ዳር ጣታቸውን እያኖሩ፣ «ይችስ? ይችስ?» ይላሉ። ከዋዜማው ደወል በፊት ጨርቁ አራት ማዕዘን ሆነ።

በማግሥቱ አቶ ሰውመሆን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ከጭቃው ጋር ደረሱ። ፊታቸው የተቆጣ ይመስላል። ከደጅ እንደ ቆሙ፣ «እመት፣ ልጄ ምን አጥፍታ ነው?» አሉ።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ተነሥተው ከፊታቸው ቆሙ። «ልጅህን በሌብነት ጠረጠርኋት። ከሙዳዬ ሰባት ልቃቂት ወሰደች ብዬ ልቤ ፈረደባት፤ አንተንም በዚያ ነገር ጠራሁህ። ሌባዋን አገኘኋት።» ቀኝ እጃቸውን አነሡ። «ይችት። ለቤተ ክርስቲያን ሰጥታ፣ ለኔ ሳትነግረኝ፣ በልጅህ ላይ አስፈረደችኝ። ይቅር በሉኝ፤ አንተም፣ እሷም።»

አቶ ሰውመሆን ልጃቸውን አዩ፤ መልሰው ወይዘሮ ወለተ ሐናን አዩ። ትከሻቸው ወረደ።

«በጎርፍ ውስጥ ሁለት ሰዓት የተንቦጫረቅሁት ይህን ልሰማ ነው?»

«አዎን፣ ይህን ልትሰማ ነው።»

«እንግዲያ የፍቺው ዶሮ የሚገባኝን ያህል ትልቅ ይሁን!» አሉና በትራቸውን ከበሩ አስጠግተው ገቡ።

ፍሬህይወት ግን አልሣቀችም። ቀስ ብላ ሄዳ ሙዳዩን ከመደርደሪያው አወረደችና ከአማቷ ፊት አኖረችው። «እማማ፣ አሁን በአባቴ ፊት ይቁጠሩት። ነገ ቢጎድል እኔ እንዳልሆንሁ እንዲያውቅ።»

ይህ ቃል ከውግዘት ይልቅ ጠነከረባቸው። ወይዘሮ ወለተ ሐና ሙዳዩን ከፈቱ፤ አልቆጠሩም። አንድ ልቃቂት አንሥተው፣ በዚህ ጊዜ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ በእጇ አኖሩላት።

«የፍስኩን ማጠቢያ በዚህ ሥሪው።»

«ለመግነዝ የተፈተለ ክር ሳህን ይጠብ?»

«ይጠብ። ለመቃብሬ ስፈትል ለቤቴ ሳልፈትል ቀርቻለሁ። ሙዳዩም ከዛሬ ጀምሮ ባንቺ ራስጌ ይደር።»

ልጅቱ ልቃቂቱን አገላብጣ አየችው። ተቀየምሁ አላለችም፣ ይቅር ብያለሁም አላለችም። ሰባት ቀን ቆይታ፣ የፍስኩ ማጠቢያ ሲያልቅ፣ የዶሮ ወጡን ድስት ከአማቷ ፊት አምጥታ አጠበችው። ያ የከረረ ክር በጉጥ በጉጡ ስቡን ሙልጭ አድርጎ አነሣው። ወይዘሮ ወለተ ሐና ድስቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ፤ ምንም አላገኙበትም። መልሰው ደግሞ አሸተቱ።

«አሁንም አላመኑኝም?» አለች ፍሬህይወት፤ ያን ጊዜ ነው ከንፈሯ ፈገግ ያለው።

«አንቺንማ አምኜሻለሁ። የማላምነው ድስቱን ነው።»

ሀሚዳ ጨርቁን ባየች ጊዜ፣ «ይችማ ሳህኑን ትታ ሳህኑ ላይ ያለውን አበባ ትፍቃለች! እመት፣ ይህን ክር ለሱቄ ይፍተሉልኝ እንጂ!» ብላ እጇን አጨበጨበች። ወይዘሮ ወለተ ሐናም እንደ ልማዳቸው በጎን ዓይናቸው አይተዋት፣ «እንግዲያ ሳሙናሽን ማን ሊገዛሽ ነው?» አሉ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የቤታችሁን ጓዳ እግዚአብሔር ይጎብኘው። ሌማታችሁ አይጉደል፤ ቢጎድልም በሰው ስም አይሞላ። ከማዕዳችሁ ዳር የተቀመጠ አይዘለል፤ ከደጃችሁ የገባ እንግዳ በጥርጣሬ አይመዘን፤ ለሰጠ እጃችሁ በረከት፣ ለቆጠረ ዓይናችሁ ምሕረት ይሁንላችሁ። አሜን።